የእኔ ጆሮና የቴፑ አራት ቮልት

ሰኞ 3

የባለቤቴ ታናሽ እህት ዛሬ ሱቄ ውስጥ ሥራ ጀመረች። የነበረችበት የቴሌቪዥን መጠገኛ ስለተዘጋ፣ "እስክትቋቋም አንተ ጋ ትሥራ" ያለችው ባለቤቴ ናት። በእኛ ቤት "እስክትቋቋም" ማለት ከአምስት ዓመት አንሶ አያውቅም። ቢሆንም አልከፋኝም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የመኪና ቴፕ፣ አምፕሊፋየርና ስፒከር የምገጥመው ብቻዬን ነው፤ ወገቤም እንደ ድሮው ከወንበር ሥር አያስገባኝም።

የከፋኝ ሌላ ነው። ቦርሳዋን ስትከፍት መጀመሪያ ያወጣችው ቢጫ መልቲሜትር ነው።

"ጋሼ፣ አንተ ቮልቱን በምን ትለካለህ?"

ጆሮዬን በጣቴ ነካ ነካ አደረግኩላት። የቀለድኩ መስሏት ሳቀች። በዚህ ሰፈር ሹፌሩ ሁሉ "ባለጆሮው" የሚለኝ ለቀልድ እንዳልሆነ ገና አልገባትም።

ረቡዕ 5

ተጨቃጨቅን። ነገሩን እዚህ ላስፍረው፤ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፣ ማን ልክ እንደነበረ በኋላ ይታያል።

ቴፑ በቀጭን ገመድ ወደ አምፕሊፋየሩ ምልክት ይልካል። አንዱ ቴፕ ሁለት ቮልት ይልካል፣ ሌላው አራት። አምፕሊፋየሩ ላይ ደግሞ በካቻቪቴ የምትዞር፣ ጌን የምትባል ትንሽ ቁልፍ አለች። ሰው ሁሉ ድምፅ መጨመሪያ ትመስለዋለች፤ አይደለችም። ሥራዋ ከቴፑ የሚመጣላትን ቮልት በልኩ መቀበል ነው። ከልኳ ካለፈች የድምፁ ጫፍ እየተቆረጠ ይሻክራል። ሻካራው ድምፅ ደግሞ በሩ ጥግ ላይ ያለችውን ትንሿን ስፒከር፣ ቀጭን ድምፅ የምታወጣውን ትዊተር፣ አቃጥሎ ይጥላታል። እስከዚህ ተስማምተናል።

የተለያየነው ልኩን በማግኘቱ ላይ ነው። የእኔ መንገድ አጭር ነው። ሙዚቃ እከፍታለሁ፣ ጌኗን እጨምራለሁ፣ ያ "ሽር" የሚል ሻካራ ነገር ሲጀምር አንዲት ፀጉር ታህል መለስ አደርጋታለሁ። አለቀ። እሷ ስፒከሩን ትፈታለች፣ ከፍላሽ አንድ ወጥ ጩኸት ትከፍታለች፣ ታባዛለች፣ ታካፍላለች፣ ከዚያ ሜትሯን ሰክታ ቁጥሩ እስኪመጣላት ትጠብቃለች። እኔ ሁለት መኪና ስጨርስ እሷ ገና ወረቀት ላይ ናት።

"ሜትሩ ይፍረድ" ትላለች በየመሃሉ። ከዛሬ ጀምሮ ስሟ ዳኛዋ ነው።

ሐሙስ 6

ሥራ በዛ። ሦስት መኪና። ምሳ የለም።

ከሱቁ ፊት ያለው ዛፍ ላይ የነበሩት ወፎች ጠፍተዋል። ጎረቤቴን ጎሚስታውን ብጠይቀው ከጎማው ላይ ቀና ብሎ "ሞልተው የለ እንዴ" አለኝ። እውነትም ቅርንጫፉ ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል። ዘንድሮ ወፉም ሰንፏል።

ቅዳሜ 8

ደስ የሚሉ ሽማግሌ መጡ። ጡረታ የወጡ የሙዚቃ መምህር ናቸው። መኪናቸው ከእኔ ትዳር በዕድሜ ትበልጣለች፤ አያያዛቸው ግን ከእኔ ይሻላል። አምፕሊፋየሩን የዛሬ ስምንት ዓመት የገጠምኩላቸው እኔው ነኝ። አሁን ልጃቸው አዲስ ቴፕ ሰጥታቸው ኖሮ "እሱን ብቻ ቀይርልኝ፣ ሌላው እንዳለ ይሁን" አሉ።

ቀየርኩ። ጌኗን እንደ ልማዴ በጆሮዬ አየኋት። ሽርታው ስላልመጣ እንዲያውም ትንሽ ጨመርኩላት። ንጹህ ሥራ።

ዳኛዋ ከቴፑ ካርቶን ውስጥ የወጣውን ወረቀት እያነበበች "ጋሼ፣ ይሄኛው እኮ አራት ቮልት ነው የሚያወጣው" አለች። ወረቀት ለማንበብ ጊዜ ያለው ሰው ሥራ ፈት ነው ብዬ ወለል እንድትጠርግ ላክኋት።

ማክሰኞ 11

መምህሩ ተመለሱ። "ይሻክራል" አሉኝ። አብረን ተቀምጠን ሰማን። አይሻክርም። ቅጂው አርጅቶ ይሆናል አልኳቸው። "የቀዳሁት እኔ ነኝ" አሉ በትሕትና፣ ከዚያ አመስግነው ሄዱ።

ከሄዱ በኋላ ሰው ሰባ አራት ዓመት ሲሞላው ጆሮው እንዴት እንደሚከዳው ለዳኛዋ በሰፊው አስረዳኋት። እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ። እንዲህ አክብራ ስታዳምጥ ደስ ትላለች።

አርብ 14

የመምህሩ ትዊተሮች ተቃጠሉ። ሁለቱም። አዲስ ገጠምኩላቸው። የዘንድሮ ትዊተር እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ነው፣ ትንሽ ሲነኩት ይበጠሳል።

ዳኛዋ ቀኑን ሙሉ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው። "ጋሼ፣ የድሮው ቴፕ ሁለት ቮልት ነበር።" ጌኗ ለሁለት ቮልት ተከፍታ አራት እየገባባት ነው ማለቷ ነው። "አውቃለሁ" አልኳት።

አላውቅም ነበር። ወረቀቱን መቼ አየሁት? ጌኗን በድብቅ መለስ አደረግኳት። ሽርታው እስኪጠፋ ድረስ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ፤ ግን መቼ እንደነበረም መቼ እንደጠፋም አልያዝኩትም። ደክሞኝ ይሆናል። ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይኸው ነው።

ሰኞ 17

ባለቤቴ አኩርፋለች መሰለኝ። የአፀደ ሕፃናት መምህር ናት፤ ድምፅዋ ሜዳ አቋርጦ ሃምሳ ሕፃን ያሰልፋል። ሰሞኑን ግን ከኩሽና ስታናግረኝ ታንሾካሹካለች። "ምን አደረግኩሽ?" ብላት "ምን ታደርገኛለህ?" አለችና ትክ ብላ አየችኝ።

ቴሌቪዥኑንም የሚቀንስብኝ ሰው አለ። ማንቆርቆሪያውም ሲፈላ ማፏጨት ትቷል፤ ውሃው ተንኖ አልቆ ብረቱ ሲያር በጠረኑ ነው ያወቅኩት። የዕቃው ጥራት ወርዷል። በደንብ የሚናገር ሰው የቀረው ጎሚስታው ብቻ ነው፤ ድምፁ ከበርሜል ውስጥ የወጣ ይመስላል፣ አንድ ቃል አያመልጠኝም።

ሐሙስ 20

መምህሩ ለሦስተኛ ጊዜ መጡ። አሁንም ጮክ ሲል ይሻክራል አሉ፣ አሁንም በትሕትና። ነገሩን እልባት ላድርግለት ብዬ "ይምጡ፣ ትክክለኛ ድምፅ ምን እንደሚመስል ላሰማዎት" አልኩና የራሴ መኪና ውስጥ አስቀመጥኳቸው። ደንበኛ ሲጠራጠር የማስቀምጠው እዚያ ነው። አራት ስፒከር፣ ሁለት ትዊተር፣ ባለፈው ወር የገጠምኩት አዲስ ቴፕ፣ ሁሉም በእጄና በጆሮዬ የተሠራ።

ፍላሻቸውን ሰጡኝ። ከመክፈቴ በፊት ምን እንደምንሰማ ነገሩኝ። ያስተምሩበት የነበረው ትምህርት ቤት ኦርኬስትራ ነው፣ ሃምሳ ሰው። የሞቱት ባለቤታቸው የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ነበሩ፤ ሙዚቃ የሚባል አያውቁም። በዝግጅቱ ሳምንት አንድ ሰው ታሞ ቀረና ትሪያንግሉን ይምቱልን ተባሉ። ትሪያንግል ማለት ሦስት ማዕዘን ሆና የታጠፈች፣ በትንሽ ዘንግ የምትመታ የብረት ነገር ናት፤ ድምፅዋ ቀጭን ነው፣ ከሁሉም በላይ ቀጭን። በአሥራ አንድ ደቂቃ ውስጥ ሦስት ጊዜ ብቻ ነው የምትመታው።

"ለሦስት ምት ሳምንት ሙሉ ቤት ውስጥ ተለማመደች" አሉ መምህሩ። "በማንኪያና በብርጭቆ። ሌላ የድምፅ ቅጂ የላትም። እኔ ሃምሳውን ሰው የምሰማው ለሦስቷ ምት ስል ነው።"

ከፈትኩ። ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው ይቆጥራሉ። እኔም ጆሮዬን ቀስሬ ተቀመጥኩ። ሲያልቅ ዓይናቸውን ገለጡ።

"ሰማህ?"

"ሰማሁ" አልኳቸው። "ሦስቱንም። ጥርት ብለው።"

አዩኝና "ጎበዝ። እኔ አንዱንም አልሰማሁም" አሉ። ፍላሻቸውን ነቅለው ወጡ።

አሳዘኑኝ። ዕድሜ ክፉ ነው። ግን ለምን ሰማሁ አልኩ? ሰው የሞተች ሚስቱን ሰማህልኝ ወይ ብሎ ሲጠይቅህ አልሰማሁም ይባላል? ደግሞ ባለጆሮው እኔ ነኝ። እኔ ካልሰማሁ ማን ሊሰማ ነው? ይህን ጽፌ እንቅልፍ እንቢ አለኝ፤ ተነሥቼ የጻፍኩትን መልሼ አነበብኩ፤ ምንም አልተሻሻለም።

አርብ 21

ዳኛዋ ሳልጠይቃት የእኔን መኪና የበር ጥግ ከፍታ ሜትሯን ሰካች።

"ጋሼ፣ ሁለቱም ትዊተር ተቃጥሏል።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"እሱን ሜትሩ አይናገርም።"

በሞተ ስፒከር ሦስት ምት ጥርት አድርጌ ሰምቻለሁ። ስንት ሳምንት ሙሉ ደንበኛ እዚያ ላይ እያስቀመጥኩ "ድምፅ ማለት ይሄ ነው" ስል ከርሜአለሁ ማለት ነው። የሚያስቅ ነገር ነበር፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ብትስቅ ይሻለኝ ነበር። "ሜትርሽን ይዘሽ ውጪልኝ" ብዬ ጮህኩባት። ጎሚስታው እንኳ መዶሻውን አቁሞ ዞረ። ወጣች።

እሑድ 23

ቤት ዋልኩ። ዳኛዋ እሑድ እሑድ እህቷ ጋ ትመጣ ነበር፣ ዛሬ አልመጣችም። ነገ ይቅርታ እጠይቃታለሁ።

መምህሩስ?

ሰኞ 24

አልጠየቅኳትም። ጠዋት ስትገባ "ሰላም ነሽ" አልኩ፣ እሱንም በጉሮሮዬ።

ምሳ ስትወጣ ግን የእሷን ፍላሽ ወስጄ የሙከራ ጩኸቶቹን በሱቁ ቴፕ ከፈትኳቸው። ከወፍራም ወደ ቀጭን የተደረደሩ ናቸው፣ በየቁጥራቸው። መቶ፣ ሰማሁ። አምስት መቶ፣ ሰማሁ። ሺህ፣ ጥሩ። ሦስት ሺህ፣ ከሩቅ። አራት ሺህ ላይ ቴፑ ቆመ። ድምፁን ጨመርኩ። አሁንም ቆሟል። ስድስት ሺህ፣ ስምንት ሺህ፣ ምንም። ፍላሹ ተበላሽቷል ብዬ እስከ ጥግ ከፈትኩት።

በመስኮቱ ሳይ ጎሚስታው ሁለት ጆሮውን በሁለት መዳፉ ደፍኖ እየሮጠ ይመጣል። የማዶው ውሻ ጅራቱን ቆልፎ ሸሸ። ዛፉ ላይ የነበሩት ወፎች በሙሉ ተነሡ።

"ሰውዬ ምን ሆነሃል! ጥርሴን እኮ አረገፍከው" አለኝ ጎሚስታው።

ዘጋሁት። "ፍላሹ ተበላሽቶ ነው" አልኩት። ጎሚስታው ክፉ ሰው አይደለም፤ "ይሆናል" ብሎ ሄደ።

አልተበላሸም።

ረቡዕ 26

ለባለቤቴ ነገርኳት። እንዴት እንደምጀምር ሦስት መንገድ አዘጋጅቼ ነበር፤ አንዱንም አልተጠቀምኩበትም። "ወፎቹ ይጮሃሉ እንዴ?" አልኳት።

ሰሃኑን አስቀመጠች። ፊት ለፊቴ መጥታ ተቀመጠችና በዚያ ሜዳ በሚያቋርጥ ድምፅዋ "ሁልጊዜም ይጮሃሉ" አለችኝ። ለካ አኩርፋ አይደለም። ለካ ከኩሽና ታንሾካሹክ የነበረው ሐኪም ቤት ሂድ ስትለኝ ሰልችቷት፣ ይሰማል አይሰማም እያለች ስትፈትነኝ ነው። ዳኛዋን ሱቅ ያስገባቻትም ሥራ ስላጣች ብቻ አልነበረም። ጎሚስታውም ያውቃል። የጎሚስታው ሚስትም። ሹፌሮቹ ደግሞ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል።

"ለምን አንድ ሰው አይነግረኝም?"

"ነግረንሃል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው" አለችና ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ሳቁ አልቆም ብሎኝ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ፤ ራሴን ደረቷ ላይ አድርጋ ያዘችኝ። ፈርቻለሁ። እጄን የሚያውቅ ሰው የለም፤ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ጆሮዬን ነው። እሱ ከሄደ ሱቁ ላይ የምቆመው ማን ሆኜ ነው?

ሰኞ 1

ጆሮ ምርመራ። ቁም ሣጥን የምታህል ክፍል ውስጥ አስገብተው ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ደፉብኝ፣ እጄ ላይ ቁልፍ ሰጡኝ። ድምፅ በሰሙ ቁጥር ይጫኑ አሉኝ።

መጀመሪያ ጥሩ ነበር። ከዚያ ዝም ሲለኝ፣ መርማሪዋ ድምፅ ስትለቅ ትከሻዋ ትንሽ ከፍ እንደሚል በመስተዋቱ አየሁ። ትከሻዋ ሲነሣ ተጫንኩ። ሲነሣ ተጫንኩ። በዚህ መንገድ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ጆሮ ይዤ ልወጣ ነበር። መጨረሻ ላይ በሩን ከፍታ "አባቴ፣ አሁን ያሳከከኝን ሳክክም ተጭነዋል" አለችኝና ወንበሬን ወደ ግድግዳ አዞረችው።

ግድግዳው ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ነበር።

ማክሰኞ 2

ወረቀቱን ሰጡኝ። መስመሩ ሜዳ ሜዳውን ይመጣና ሦስት ሺህ ላይ ገደል ይገባል። ሐኪሙ "ሥራዎ ምንድን ነው?" አለኝ። ነገርኩት። እስክሪብቶውን አስቀመጠ። የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን ግን ማዳን ይቻላል አለ፤ የመስሚያ መሣሪያ አዝዞልኛል፣ እስኪደርስ ሳምንታት ይፈጃል። "ስንት ቮልት ይቀበላል?" ብዬ ጠየቅኩት። እሱ ሳቀ፤ እኔ ከምሬ ነበር።

ሱቅ ስደርስ ዳኛዋ ብቻዋን ነበረች። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁላት። የቴፕ ማስተማሪያ እንደምታነበው አነበበችው፣ በጥንቃቄ፣ ከላይ እስከ ታች።

"ይቅርታ" አልኳት። "ለአርቡም፣ ለወለሉም። ከእንግዲህ ሱቁን አንቺ ያዢው። እኔ ዕቃ አቀብላለሁ።"

"ጋሼ፣ ትናንት የአንዱን ሰውዬ ዳሽቦርድ ስፈታ አራት መያዣ ሰብሬአለሁ" አለች። "ማታ በሙጫ ሳጣብቅ አመሸሁ። አንተ በሃያ ስድስት ዓመት ስንት ሰበርክ?"

አሰብኩ። ሁለት።

"እንግዲያው ሱቁን የሚይዘው እጅ ነው" አለች። "የጌኗን ልክ ሜትሩም ያውቀዋል። ዳሽቦርድ የሚፈታ ሜትር ግን እስካሁን አላየሁም።" ቢጫውን ነገር ወደ እኔ ገፋችው። "ደውዬላቸዋለሁ። መምህሩ ቅዳሜ ይመጣሉ። ትላንት መኪናቸውን ትተውልን ሄደዋል።"

ያልጠየቅኳትን ነገር መሥራት አትተውም።

አርብ 5

ተማርኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ሁለቱንም ስለሆንኩ ቀኑን ሙሉ ፈጀብኝ።

የመምህሩ አምፕሊፋየር ሃምሳ ዋት፣ ስፒከሩ አራት ኦም። ሲባዛ ሁለት መቶ። የሁለት መቶ ስኩዌር ሩት አሥራ አራት ቮልት ገደማ። ስፒከሮቹን ፈታሁ። ቴፑን ሦስት አራተኛው ላይ ከፈትኩ፣ ወጡን ጩኸት ለቀቅኩ፣ የሜትሩን ሁለት እግሮች የስፒከሩ መውጫ ላይ አሳረፍኩ። ሃያ አንድ ይላል። ሃያ አንድ! ምስኪን ትዊተሮች። ካቻቪቴዬን ይዤ ጌኗን ቀስ እያልኩ መለስኩ። አሥራ ስምንት። አሥራ ስድስት። አሥራ አራት ላይ ስትቆም እኔ በጆሮዬ ከማቆምበት በታች ሩቅ ነበረች፣ ሩብ ላይ።

ሁለት ጊዜ ደገምኩት። ያው አሥራ አራት። ዳኛዋ አጠገቤ ቆማ ምንም አልተናገረችም፤ አስቸግሯት እንደነበር አውቃለሁ።

ጸጥ ባለ ሱቅ ውስጥ ምንም ሳልሰማ አንድ ነገር በትክክል ሠራሁ። ገና አልለመድኩትም።

ቅዳሜ 6

መምህሩ መጡ። ቁልፋቸውን ከማስረከቤ በፊት ተናገርኩት፤ ከሌሊቱ ጀምሮ ስለማመደው ነበር።

"የዚያን ቀን ዋሽቼዎታለሁ። አንዱንም አልሰማሁም። የመኪናዬ ትዊተሮችም ሞተው ነበር።"

"አውቃለሁ" አሉ። "አርባ ዓመት ተማሪ ሲዋሸኝ ኖሬአለሁ፤ 'ጥርት ብለው' ያልክ ጊዜ ነው የነቃሁብህ።" ከዚያ ጎናቸው ያለውን በር ከፈቱልኝ። "ግባ።"

ፍላሹን ራሳቸው ሰኩት። ኦርኬስትራው ተነሣ። ዓይናቸውን አልጨፈኑም፤ መንገዱን ነበር የሚያዩት። አራተኛው ደቂቃ ላይ ትንፋሻቸው ቆመ። ፊታቸው ላይ የሆነውን ለመጻፍ ሞክሬ ሰረዝኩት። ያወቅኩት አንድ ነገር ነው፤ ሥራው ልክ ነው።

እስከ መጨረሻው ሰሙና ወደ እኔ ዞሩ።

"ሰማሃት?"

"አልሰማሁም" አልኩ። ሰማህ ተብዬ እዚያው እንዲህ ስመልስ የመጀመሪያዬ ነው። ከአፌ ሲወጣ የፈራሁትን ያህል አልከበደም።

መምህሩ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከንፈር አልመጠጡልኝም። "እጅህን አምጣ" አሉ። መዳፌን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉና ሙዚቃውን ከመጀመሪያው መለሱት። ከበሮው ይሰማኛል። ወፋፍራሞቹ መሣሪያዎች ሁሉ ይሰሙኛል፣ ከሃምሳው ሰው ውስጥ አርባው ይሰማኛል። አራተኛው ደቂቃ ላይ በአንድ ጣታቸው መዳፌን ነካ አደረጉኝ፣ ቀለል አድርገው፣ ሳምንት ሙሉ እንደተለማመደ ሰው። ሰባተኛው ላይ ደገሙ። ከዚያ ብዙ ጊዜ ምንም አልመጣም፤ የረሱት መስሎኝ ትንፋሼን ይዤ ጠበቅኩ። ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ሦስተኛው መጣ፤ ጣታቸውን ግን ወዲያው አላነሱትም።